ወጌሻ የአባቴን አንገት ካሹት በኋላ ግፊቱ ወረደ፤ ኪኒኑን ይተው ወይ?

የሰፊው ልጅ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። የአባቴ ነገር ቤታችንን ለሁለት ከፍሎታልና የምታውቁ ካላችሁ በቅንነት መልሱልኝ።

አባዬ 63 ዓመቱ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሸዋበር አካባቢ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ በአንድ ሲንጀር መኪና አምስት ልጅ አሳድጓል። ቀኑን ሙሉ መርፌው ላይ አቀርቅሮ ስለሚውል አንገቱ ወደ ፊት ወጥቶ ቀርቷል፤ በጎን ስታዩት ጆሮው ከትከሻው ይቀድማል። ግፊት እንዳለበት ካወቅን ስድስት ዓመት ሆነን። አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሽንት የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም ይወስዳል።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንገቱን ያዘው። ሱብሂ ሰግዶ ሊያሰላምት ሲል ፊቱን ወደ ቀኝ ማዞር አቅቶት ከነደረቱ ሲዞር አይቼ ነው ያወቅሁት፤ እሱማ አመመኝ የሚል ሰው አይደለም። ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ አሥር ቀን ያህል ዋጠ። ረገብ ይልለትና ተመልሶ ይይዘዋል። በመጨረሻ ወጌሻ ተጠሩ። እኒህ ወጌሻ በሰፈራችን የተከበሩ አባት ናቸው። ልጅ ሆኜ ከጦሳ ቁልቁል ስሮጥ ወለም ያለኝን ቁርጭምጭሚት ያቀኑልኝ እሳቸው ናቸው፤ እጃቸውን አምናለሁ።

አባዬን መደብ ላይ በሆዱ አስተኝተው፣ ለጋ ቅቤ ቀብተው፣ ትከሻውንና ማጅራቱን ሃያ ደቂቃ ያህል አሹት። ከዚያ ቁጭ አድርገው በአንድ እጃቸው አገጩን፣ በሌላው የራሱን ኋላ ይዘው ትንፋሹን ጠበቁ። ድንገት ጠመዘዙት። "ቋ!" ሲል ቡና የምቆላበት ድረስ ተሰማኝ። አባዬ "አልሐምዱሊላህ" አለና ዓይኑን ጨፍኖ ቀረ።

ጂዳ ያለው ወንድሜ የላከልን የግፊት መለኪያ አለን። ከመታሸቱ በፊት 168 በ98 ነበር፤ ታሽቶ ሩብ ሰዓት ካረፈ በኋላ 144 በ86 ሆነ። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ ራሴ ለክቼ ያየሁት ነው። ለወንድሜ ስነግረው ደስ ብሎት በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልን። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው "የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ከቦታው ሲንሸራተት ግፊት ይመጣል፤ ሲመለስ ይድናል" ይላል። አባዬ ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን አልነካም። በሦስተኛው ቀን ለካሁት፤ 146 በ88። "አየሽ?" አለኝ። እማዬ ከእሱ ጋር ናት፣ እኔ ግን ፈራሁ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ወጌሻው ሊደግሙለት ቀጠሮ አላቸው።

አንገት ማንቋቋት እውነት ግፊት ያወርዳል? ካወረደስ ኪኒን ይተካል? አባዬ ብዙ ባይማርም የሚገባው ነገር ከተነገረው ይሰማል፤ ስለዚህ ዝም ብላችሁ "ከልክይው" አትበሉኝ፣ ምክንያቱን ንገሩኝ።


ሐይቅ ዳር

እህቴ አብሽሪ። እኔ ሐይቅ ነው ያለሁት። ከበቅሎ ወድቄ ትከሻዬ ሲወልቅ በግማሽ ሰዓት ወደ ቦታው የመለሱልኝ ወጌሻ ናቸው፤ ዛሬም በዚያ ክንዴ ነው የማርሰው። አባትሽ በዓይናቸው ያዩትን ነው ያመኑት፣ ቁጥሩም ወርዷል። ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ኪኒን የሚወድ ሰው የለም። በእኔ ሐሳብ አንድ ወር ሳይውጡ ይሞክሩትና ይታይ።


ነርስ ከወልድያ

ሐይቅ ዳር፣ ወንድሜ፣ ስለ ትከሻህ ደስ ብሎኛል፤ ግን እባክህ አንድ ወር አትበል። የወለቀ ትከሻ ያስጮሃል፣ ሲመለስም ታውቀዋለህ። ግፊት ግን አያምም። ሰውዬው ደኅና ነኝ እያለ ሲስቅ ሲጫወት ኖሮ አንድ ጠዋት አፉ ተጣምሞ ሲመጣ ነው የምናገኘው እኛ።

እህቴ፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ስትለኪያቸው ከየት ገብተው ነው? ቡና ጠጥተው ነበር? ክንዳቸውስ የት ነበር ያረፈው? ዳይክሎፌናኩን መቼ አቆሙ?


የሰፊው ልጅ

ከሱቅ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ እንደገባ ነው የለካሁት። ቡናው ቶና ደርሶ ነበር፣ አቦሉን ጠጥቷል። ክንዱን ዝም ብሎ በጎኑ ለቆት ነበር መሰለኝ፤ ጃኬቱን እንኳ በደንብ አላወለቀም። ሁለተኛውን ግን መደብ ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ ክንዱ ትራስ ላይ ሆኖ ነው። ዳይክሎፌናኩን ያቆመው ወጌሻው የመጡ ዕለት ነው።


ፊዚዮ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ ኮምቦልቻ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሰው አንገትና ወገብ ስይዝ ኖሬአለሁ። ጥያቄሽ የእንጀራዬ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም ባደርገው ታገሺኝ።

ያየሽው ቁጥር ውሸት አይደለም። አንገቱ የታሸ ሰው ግፊቱ ሲወርድ እኔም በእጄ ለክቼ አይቻለሁ። መጠየቅ ያለበት ምን አወረደው፣ ወርዶስ ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው።

ሕመም ራሱ ግፊት ይሰቅላል። ሰው ሲያመው ልብን የሚያስሮጡትና የደም ሥርን የሚያጠቡት ነርቮች ይነቃሉ፤ ሕመሙ ሲረግብ እነሱም ይረጋሉ። አባትሽ ከሳምንት በላይ አንገታቸው ተይዞ የከረሙ ሰው ናቸው። በዚያ ላይ ዳገት ወጥተው፣ ቡና ጠጥተው፣ ክንዳቸው ተንጠልጥሎ ተለኩ። ክንድ ከልብ ዝቅ ብሎ ሲንጠለጠል መለኪያው ከእውነተኛው በላይ ያነባል። ሁለተኛው ልኬት ደግሞ ተኝተው፣ በሚያምኑት ሰው እጅ ታሽተው፣ አርፈው፣ ክንዳቸው ትራስ ላይ ሆኖ ነው። በሁለቱ መካከል 24 ልዩነት መጣ ማለት የግድ አጥንት ቦታው ገባ ማለት አይደለም።

የዳይክሎፌናኩን ነገር ለብቻው ልንገርሽ፤ ታሪክሽን ሳነብ ከሁሉ በፊት የያዘኝ እሱ ነው። ይህ ማስታገሻ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ግፊት ይጨምራል። አባትሽ ጠዋት የሚውጡት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ያንኑ ጨውና ውሃ ለማስወጣት ነው የተሰጣቸው። አንዱ ይቀዳል፣ ሌላው ይመልሳል። ስለዚህ 168 የሚለው ቁጥር የአባትሽ የዘወትር ግፊት ላይሆን ይችላል፤ ከፊሉ የዳይክሎፌናኩ ነው። እሱን ባቆሙበት ቀን ወጌሻው መጡና ምስጋናው ሁሉ ለእሳቸው ሆነ። ግፊት ላለበት ሰው አንገቱን ሲያመው ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱንም ቢሆን በልኩ።

አሁን ወደ አንገቱ ልግባ። እጅ ልብን አይነካም የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ልብን የሚያፈጥኑት ነርቮች ከህብለ ሰረሰር የሚወጡት ከላይኛው ጀርባ፣ ትከሻና ትከሻ መካከል ካለው ቦታ ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ደግሞ፣ ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ላይ፣ ፈጣሪ ያስቀመጠው የግፊት መለኪያ አለ። እዚያ ላይ ጫን ሲሉት "ግፊት በዝቷል" ብሎ ለአንጎል ይናገራል፤ ልብ ቀስ ይላል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ሐኪሞች ልቡ ያለቅጥ ለሚሮጥ ሰው የልብ ማሽን እያዩ ይህንኑ ያደርጉታል። ቤት ውስጥ ግን እንዳትሞክሪው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው የደም ሥሩ ውስጥ የተጋገረ ስብ ሊኖር ይችላል፣ ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። እንዲህ ያለው መውረድ ደግሞ እጁ ሲነሳ አብሮ የሚያልቅ ነው። በማሸት የመጣውም ቢበዛ ለሰዓታት ነው። ግፊት ግን የዓመታት ጉዳይ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ውስጥ፣ አዮዋ ግዛት ዳቬንፖርት ከተማ፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ካይሮፕራክቲክ የሚሉትን ሙያ ጀመረ። አብዛኛው በሽታ አከርካሪ ከመስመሩ ሲወጣ የሚመጣ ነው ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቺካጎ ላይ የተሠራ አንድ ትንሽ ጥናት ታተመ። ግፊት ያለባቸው 50 ሰዎች ነበሩ፤ ለግማሾቹ የመጀመሪያው የአንገት አጥንት ተስተካከለ፣ ለግማሾቹ ማስመሰል ብቻ ተደረገ። ከ8 ሳምንት በኋላ የላይኛው ቁጥር በታከሙት 17፣ በሌሎቹ 3 ወረደ። ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቅሱት ይህንን ነው፣ ቁጥሩም እውነት ነው። የማይናገሩት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በዚያ ጥናት አንገት አልተጠመዘዘም፤ በእጅ ቀስ ብሎ ጫን ማለት ብቻ ነው፣ "ቋ" የሚል ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ በ140 ሰዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት አለ። እዚያ የአመጋገብ ምክር ላይ አከርካሪ ማቅናት ቢታከልበትም ምክሩ ብቻውን ካወረደው በላይ አላወረደም። በ50 ሰው ተስፋ ሰጪ ነገር ታይቷል ማለት አንድ ነገር ነው፤ የስድስት ዓመት ኪኒን ጣሉ ማለት ሌላ ነው።

"ቋ" የሚለው ድምፅም አጥንት ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። መገጣጠሚያው ሲሳብ ውስጡ ባለው ፈሳሽ ላይ ጋዝ ክፍተት ይፈጥራል፤ ጣትሽን ስትጎትቺ የምትሰሚው ያው ነው። ሰው ድምፁን ሲሰማ ዳንኩ ይላል፤ ቀለል ማለቱም እውነት ነው፣ ጡንቻው ለጊዜው ይፈታል።

"ሦስት ቀን ሳልውጥ ደኅና ነኝ" ላሉት ደግሞ ይህንን ንገሪያቸው። አምሎዲፒን ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት አይደለም፤ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል። በሦስተኛው ቀን ያየሽው 146 ገና ያላለቀው ኪኒን ጭምር ነው። ቀስ እያለ ያልቃል፣ ግፊቱም ቀስ እያለ ይመለሳል።

የፈራሽው ነገር ተገቢ ነው። አባትሽ ልብስ ሰፊ ናቸውና በእሳቸው ቋንቋ ልንገራቸው። ወደ አንጎል ኋላ ደም የሚወስዱ ሁለት የደም ሥሮች አሉ። በአንገት አጥንቶች ግራና ቀኝ ቀዳዳ ቀዳዳ አለ፤ እነዚህ የደም ሥሮች ከስድስተኛው አጥንት ጀምረው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንደሚሾልክ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሾለኩ ይወጣሉ። የመጀመሪያው አጥንት ጋ ሲደርሱ ታጥፈው በላዩ ተጠምጥመው ነው ራስ ቅል ውስጥ የሚገቡት። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ የሚሳቡት እዚያች እጥፋት ላይ ነው። የደም ሥር ደግሞ እንደ ኮት ገበር አለው። ገበሩ ከተተረተረ ደም በገበሩና በውጩ ጨርቅ መካከል ይገባል፣ እዚያው ይረጋል፣ መንገዱን ይዘጋል ወይም ተቆርሶ ወደ አንጎል ይሄዳል።

ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ አንገታቸው ተጠምዝዞ ምንም ያልሆኑ እጅግ ብዙ ናቸው። የአሜሪካ የልብ ማኅበርና የስትሮክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት መግለጫ አንገት መጠምዘዝና የደም ሥር መተርተር ተያይዘው እንደሚታዩ ጽፈው፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ግን እንዳልተረጋገጠ፣ ሆኖም ታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው እንደሚገባ አሳስበዋል። እኔ ግን በሥራዬ ግፊት ያለበትን የ63 ዓመት ሰው አንገት አልጠመዝዝም። የማገኘው ጥቅም የጡንቻ መፍታታት ነው፤ እሱን በማሸትና በእንቅስቃሴም አገኘዋለሁ።

ስለዚህ አርብ ወጌሻው ይምጡ። ትከሻና ጀርባ ይሹ፣ ቅቤውም ይቀባ። አገጭና ራስ ተይዞ የሚጠመዘዘው ይቅር። ኪኒኑ ዛሬውኑ እንደ ድሮው ይቀጥል፤ ይቀነስ ወይም ይለወጥ ከተባለ የሚነግራቸው የሚከታተላቸው ሐኪም ይሁን። እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሪ። አባትሽን አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ተደግፈው፣ እግራቸው መሬት ነክቶ፣ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ለኪያቸው። ከዚያ ሃያ ደቂቃ መደብ ላይ ያሳርፏቸው፤ ማንም አይንካቸው፣ ማንም አያውራቸው። ተነስተው መልሰሽ ለኪ።


የመርሳው

ፊዚዮ የጻፍከውን አንብቤ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። ታላቅ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፣ ያኔ 38 ዓመቱ ነው። ግፊትም ስኳርም የለበትም። ማጅራቱን ለሁለት ቀን ሲያመው ነበር፤ ከመሪ ብዛት ነው ብሎ ተወው። ፀጉር ቤት ገብቶ ከተላጨ በኋላ ልጁ እንደተለመደው ራሱን አሽቶ አንገቱን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንቋቋለት። ቤት እንደደረሰ ዓለም ዞረበት። አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያይ ጀመር፣ ውሃ ስንሰጠው በአፍንጫው ተመለሰ፣ ሲራመድ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። እኛ ዓይን ነው፣ ልክፍት ነው ብለን ዱዓ ስናስደርግለት አደርን። ሐኪም ቤት ያደረስነው በማግሥቱ ከሰዓት ነው። በምርመራ የአንገቱ የደም ሥር ተተርትሮ ስትሮክ እንደመታው ተነገረን።

ነፍሱ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። መኪና ግን ከዚያ ወዲህ አልነዳም። ፀጉር ቆራጩ ክፉ አልነበረም፤ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ለቅሶ እንደደረሰበት ሰው ነው ያለቀሰው። እኔን የሚያቃጥለኝ ያደርንባት ሌሊት ናት። ማናችንም አላወቅንም።


ፊዚዮ ከኮምቦልቻ

የመርሳው፣ አላህ ለወንድምህ ብርታት ይስጠው። ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ።

"ሁለት ቀን ማጅራቱን ሲያመው ነበር" ያልካት ነገር ትልቅ ናት። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት መዝገብ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት አለ። የዚህ ዓይነት ስትሮክ የመታቸው 818 ሰዎች ተገኙ። ከስትሮኩ በፊት ባሉት ቀናት አንገት አቅኚ ጋ የሄዱ ነበሩ፤ ግን ለአንገትና ለራስ ሕመም ተራ ሐኪም ጋ የሄዱም በዚያው ልክ ነበሩ። አጥኚዎቹ ያሉት፣ ብዙዎቹ የደም ሥራቸው ቀድሞ መተርተር ጀምሮ፣ አንገታቸውን ያመማቸውም በዚያ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ገበሩን ተረተረው ወይስ ተተርትሮ የመጣውን አባሰው፣ ማንም ሊምል አይችልም። ይህንን ንገሩት፤ ሸክሙ ይቀልለት ይሆናል።

ግን ከዚህ የሚወጣው ነገር ለእኔ ያው ነው። አዲስና እንግዳ የሆነ፣ እንዲህ አሞኝ አያውቅም የሚሉት የማጅራት ሕመም ያለበት ሰው አንገቱ መጠምዘዝ የለበትም፤ ፀጉር ቤትም፣ ወጌሻ ጋም፣ እኔ ጋም። ታሽቶም ሆነ ሳይታሽ ድንገት ከዞረበት፣ ሁለት ሁለት ካየ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ፊቱ ወይም እጁ በአንድ ጎን ከደነዘዘ፣ እግሩ ከከዳው፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። ዱዓው መንገድ ላይም ይደረጋል።


ሐይቅ ዳር

ፊዚዮ፣ አንድ ወር ይሞክሩት ያልኩትን አንስቻለሁ። የመርሳውን አንብቤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እኔም ፀጉሬን በተቆረጥኩ ቁጥር አንገቴን የማስነቋቋ ሰው ነኝ። ትከሻና ወገብ መታሸትስ ለግፊት ሰው ጉዳት አለው?


ፊዚዮ ከኮምቦልቻ

ትከሻ፣ ጀርባ፣ ወገብ መታሸት ግፊቱ በኪኒን ለተያዘ ሰው በአብዛኛው ችግር የለውም። አንድ ጥንቃቄ ልንገርህ። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ታሽቶ ብድግ ሲል ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ይቀመጥ፣ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ ይነሳ። የላይኛው ቁጥር 180 ወይም የታችኛው 120 ያለፈ ሰው ግን ወደ ሐኪም እንጂ ወደ መታሻ አይሂድ።


የሰፊው ልጅ

አርብ ማታ ነው የምጽፈው። ያላችሁትን አድርጌአለሁ።

ረቡዕ ማታ አባዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ለካሁት፤ 158 በ94። መደብ ላይ ጋደም አለ። እማዬን ወደ ጓሮ ላክኋት፣ ስልኩን አጠፋሁ፣ ማንም አልነካውም። ከሃያ ደቂቃ በኋላ 143 በ87። ሐሙስ ትከሻውን ራሴ በቅቤ አሸሁት፤ ከ156 በ92 ወደ 141 በ86 ወረደ። ዛሬ ጠዋት ከቡና በፊት አስቀምጬ ስለካው ግን 159 በ95 ነበር። ሌሊቱን ሁሉ ተመልሶ ወጥቷል።

ቁጥሮቹን የጻፍኳቸው እሱ የሰው ልክ በሚጽፍበት ደብተር ላይ ነው፤ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ ከሚለው ሥር። አውቄ ነው ያደረግሁት። መነጽሩን አድርጎ ደብተሩን ወደ ፋኖሱ አስጠግቶ ብዙ ቆየ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለኝ። "ደረት ስለካ አንዳንዱ ትንፋሹን ስቦ ይነፋልኛል፤ በዚያ ከሰፋሁት ኮቱ ሲለብሰው ይንጠለጠልበታል። እኔም ተኝቼ የለካሽኝን ነው ልክ ነው ያልኩት።" ስለ ገበሩ ስነግረው ደግሞ እጁ ሳይታወቀው ወደ ማጅራቱ ሄደ። ኪኒኑን ማታውኑ ዋጠ።

ወጌሻውን ያስቀይማል ብዬ የፈራሁት ከንቱ ነበር። ከጁምዓ መልስ ሲመጡ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የመርሳውን ወንድም ታሪክ ጭምር። ራሳቸውን ነቀነቁና "ልጄ፣ እኔ በእጄ የማውቀው አጥንቱን ነው፤ በውስጡ የሚሾልከውን ማን አሳይቶኝ" አሉ። ትከሻውን ብቻ አሽተው ቡናችንን ጠጥተው፣ በረካውን መርቀው ሄዱ።

ፊዚዮ፣ አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ አንገቱ ለምን ይሆን እንዲህ የሚያዘው? ማሸቱ ለሁለት ቀን ነው የሚያቆየው።


ፊዚዮ ከኮምቦልቻ

ከሰውነት ልኩ ይልቅ የመነጽሩ ልክ ያሳስበኛል። ደብተሩን ወደ ፋኖሱ አስጠጋ አልሽ። መነጽራቸው መቼ ነው የተለካው? ዓይን ሲደክም ሰው በአንገቱ ነው የሚያካክሰው፤ መርፌውን ለማየት ይጎነበሳል፣ ማጅራት ቀኑን ሙሉ ራስን ተሸክሞ ይውላል። ዓይን ያሳዩዋቸው። በየግማሽ ሰዓቱ ተነስተው ትከሻቸውን ወደ ኋላ ያሽከርክሩ፣ ራሳቸው በቀስታ እስከሚችሉት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዙሩ፤ ማንም አያግዛቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ በአንድ ወር ካልተሻላቸው ወይም እጃቸው መደንዘዝ ከጀመረ አምጪልኝ፣ እኔ አያቸዋለሁ።


የሰፊው ልጅ

ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ ነው የተመለስኩት።

ሐኪሙ ኪኒኑን እንዳለ እንዲቀጥል፣ ዳይክሎፌናክ እንዳይደግም ነገረው። ዛሬ ጠዋት ተቀምጦ፣ ከቡና በፊት፣ ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ 136 በ84፣ ከዚያ 134 በ82። መነጽሩ አምስት ዓመት ያለፈው ነበር። አዲሱን ባደረገ ዕለት ሱቁ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ክሩን በምራቁ አሹሎ፣ መርፌውን ወደ ደረቱ ሳይሆን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ፣ ቀና እንዳለ በአንዴ አሾለከው። ወደ ቀኝ ሲያሰላምት ገና ጥቂት ይቀረዋል።